የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና የደህንነትና የተናባቢነት ማረጋገጫ፦ ለወላይታ ሶዶ ከተማና ለወላይታ ዞን ተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ስርዓተ ክወና ወይም በተለምዶ አጠራሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ሲበራ ቀድሞ ሥራ የሚጀምርና ሌሎችን ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና አንድሮይድ በስፋት ከሚታወቁት መካከል ናቸው። አንድን ፋይል ማን እንደሚከፍት፣ የትኛው ፕሮግራም ከኔትወርክ ጋር እንደሚገናኝና የይለፍ ቃል በምን ሁኔታ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ስርዓተ ክወናው ነው። በላዩ የሚጫነው የሒሳብ፣ የመሬት ይዞታ ወይም የሕሙማን መዝገብ ሶፍትዌር በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆን እንኳ ከሥሩ ያለው ስርዓተ ክወና ክፍተት ካለበት ጥበቃው የሚዘልቅ አይሆንም።

ስርዓተ ክወናን በገለልተኛ ወገን አስመርምሮ የምስክር ወረቀት የመስጠት አሠራር የተጀመረው በመከላከያ ተቋማት ነው። ዛሬ ግን ጉዳዩ ከጦር ሰፈር አልፎ የባንክ፣ የሆስፒታል፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የዞን መምሪያ ጉዳይ ሆኗል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። የክልሉ ቢሮዎች በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በሳውላ፣ በጂንካና በካራት ከተሞች ተከፋፍለው እንዲሠሩ በመደረጉ በአንዱ ከተማ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ከተማ ሳይበላሽና በማይመለከተው ሰው እጅ ሳይወድቅ መድረስ አለበት። በተናባቢነትና በደህንነት ረገድ የሚነሱት ጥያቄዎች በአካባቢው ትርጉም የሚኖራቸው ከዚህ የተነሳ ነው።

“ሰርተፊኬት” የሚለው ቃል የሚሸፍናቸው የተለያዩ ነገሮች

ብዙ ተገልጋዮችን የሚያደናግረው አንዱ ቃል ለተለያዩ ሰነዶች ማገልገሉ ነው። የስልክና የሬዲዮ መገናኛ መሣሪያዎች በአገር ውስጥ ኔትወርክ ላይ እንዲሠሩ የሚሰጠው የዓይነት ማረጋገጫ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። በኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 መሠረት የሚሰጠው ዲጂታል ሰርተፊኬት ደግሞ የአንድን ሰው ወይም የአንድን ሰርቨር ማንነት በምስጠራ ዘዴ የሚያረጋግጥ ነው እንጂ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር አስተማማኝ ስለመሆኑ የሚናገረው ነገር የለም። አንድ ባለሙያ ሠልጥኖ የሚያገኘው የምስክር ወረቀትም ችሎታውን እንጂ የጫነውን ምርት አይመለከትም። ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው ከእነዚህ ሁሉ በሚለየው የምርት ምዘና ላይ ነው፤ ይኸውም አንድ የታወቀ ስርዓተ ክወና፣ በታወቀ እትሙ፣ በታወቀ መስፈርት ተመርምሮ የሚሰጠው ውጤት ማለት ነው።

በገበያ ላይ “ሚሊተሪ ግሬድ” ወይም “ወታደራዊ ደረጃ ያለው” የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ላፕቶፖችና ስልኮች ይገኛሉ። ይህ አባባል አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ሚል ስታንዳርድ 810 የተባለውን የአሜሪካ መከላከያ የመሣሪያ መፈተኛ ዘዴ ነው። ዘዴው ዕቃው ሲወድቅ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሙቀትና አቧራ ሲያገኘው የሚያሳየውን ጽናት የሚለካ ሲሆን ፈተናውንም ብዙ ጊዜ የሚያካሂደው ራሱ አምራቹ ነው። ስለ ስርዓተ ክወናው ደህንነት ምንም የሚያረጋግጠው ነገር የለም። በዚህ ምልክት ምክንያት ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍል ገዥ የሚያገኘው ጠንካራ ቀፎ መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል።

መስፈርቶቹ ከየት መጡ

በዘርፉ ቀዳሚ የሆነው መስፈርት የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ሲሆን በሽፋኑ ቀለም ምክንያት “ብርቱካናማው መጽሐፍ” በሚል ስም ይታወቃል። ስርዓተ ክወናዎችን ዲ ከተባለው ዝቅተኛ ምድብ ጀምሮ እስከ ኤ1 ድረስ በደረጃ ይከፍል ነበር። ሲ2 የተባለው ምድብ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ መለያ እንዲገባና የሠራው ሥራ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ነበር። የቢ ምድቦች “ምስጢር” እና “ከፍተኛ ምስጢር” የሚሉ መለያዎችን ሥርዓቱ ራሱ እንዲያስከብር ያስገድዱ ነበር፤ ማለትም የፋይሉ ባለቤት እንኳ ቢፈቅድ ከፍ ያለው ምስጢር ዝቅተኛ ፈቃድ ወዳለው ሰው እንዳይፈስ ማለት ነው።

ይህ መስፈርት በሥራ ላይ በነበረበት ወቅት የተፈጸመ አንድ ጉዳይ ለማንኛውም ገዥ ጠቃሚ ነው። ዊንዶውስ ኤንቲ 3.5 እ.ኤ.አ. በ1995 የሲ2 ደረጃ አገኘ። ምዘናው የተካሄደው ግን ኮምፒውተሩ ከማንኛውም ኔትወርክ ጋር ሳይገናኝ ብቻውን ባለበት ሁኔታ ነበር። የኔትወርክ ገመዱ የተሰካ ዕለት ኮምፒውተሩ ከተመዘነው ሥርዓት ውጭ ይሆናል፤ በገበያ ላይ ግን “ሲ2 ያገኘ” የሚለው አባባል ይህን ገደብ ሳይጠቅስ ይነገር ነበር። ኔትወርክን የጨመረው ምዘና የተጠናቀቀው በኤንቲ 4.0 እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚህ የሚታየው የምስክር ወረቀት ዋጋ ያለው በተመዘነው ሁኔታ ብቻ መሆኑን ነው። ይህ ነጥብ ዛሬም አልተለወጠም፤ በግዥ ላይ የሚፈጠረው ስህተትም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1991 የራሳቸውን መስፈርት ካወጡ በኋላ ሁለቱ ወገኖች አሠራራቸውን በማቀራረብ “የጋራ መመዘኛዎች” የሚባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 አይ.ኤስ.ኦ/አይ.ኢ.ሲ 15408 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። በዚህ ሥርዓት አምራቹ ምርቱ ሊከላከለው የሚገባውን አደጋና የሚሰጠውን ጥበቃ በሰነድ ያቀርባል፤ ፈቃድ ያለው ላቦራቶሪ ይመረምራል፤ የአገሩ አረጋጋጭ አካል ውጤቱን አይቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የምርመራው ጥልቀት ኢ.ኤ.ኤል 1 ከተባለው እስከ ኢ.ኤ.ኤል 7 ድረስ በሰባት ደረጃዎች ይገለጻል። ሊኑክስን መሠረት ያደረገ ስርዓተ ክወና ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ የተመሰከረለት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን እርሱም ሱዜ የተባለው ነው። ዊንዶውስ 2000 ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በአራተኛው ደረጃ ላይ ተጨማሪ መስፈርት አሟልቶ ነበር። ለአውሮፕላን መቆጣጠሪያ የሚያገለግለው ኢንተግሪቲ 178ቢ የተባለው ስርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስተኛውን ደረጃ አልፏል።

ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምርቱ ይበልጥ ደህና ነው የሚለው ግንዛቤ ትክክል አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው መርማሪዎቹ ምን ያህል በጥልቀት እንደፈተሹ ነው። ምን እንደፈተሹ የሚናገረው የደህንነት ዒላማ ሰነድ የሚባለው ነው። አንድ አምራች ጥቂትና ቀላል ተግባራትን ብቻ ዘርዝሮ በከፍተኛ ደረጃ ሊያስመረምር ይችላል፤ ሌላው ሰፊ ጥበቃ ዘርዝሮ በዝቅተኛ ደረጃ ሊያስመረምር ይችላል። የዒላማ ሰነዶች ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ ገዥው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰነዱን ማንበብ ይችላል። ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ በጋራ ዕውቅናው ስምምነት ሥር የሚወጡ የምስክር ወረቀቶች የአምስት ዓመት ዕድሜ የተሰጣቸው በመሆኑ ቀኑንም ማየት ያስፈልጋል።

የምስጠራ ክፍሎች የሚመረመሩበት መንገድ ራሱን የቻለ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የሚሠራበት ፊፕስ 140 የተባለው መስፈርት የሚመለከተው የምስጠራ ሞጁሉን ብቻ እንጂ ሙሉውን ስርዓተ ክወና አይደለም።

ተናባቢነት ማለት ምን ማለት ነው

ደህንነት ሰነዱ ለማይገባው ሰው እንዳይደርስ ሲያደርግ ተናባቢነት ደግሞ ለሚገባው ሰው ትርጉሙን ሳያጣ እንዲደርስ ያደርጋል። በወታደራዊ ሥራ የአንዱ ክፍል ካርታ በሌላው ክፍል ኮምፒውተር ላይ በተመሳሳይ ነጥብ ላይ ካልታየ ውጤቱ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ለዚሁ ተግባር በአሪዞና ግዛት፣ ፎርት ዋቹካ በተባለ የጦር ሰፈር የጋራ ተናባቢነት መፈተኛ ማዕከል አላት። የስርዓተ ክወናዎችን አጠራርና ትእዛዝ አንድ ለማድረግ ታስቦ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ፖዚክስ የተባለው ደረጃም በአንዱ ሥርዓት የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው እንዲሠራ መንገድ የከፈተ ነው። የተለያዩ አገሮች ኃይሎች በአንድ ዕዝ ሥር በሚሠሩበት የምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ኃይልን በመሰለ አደረጃጀትም ጥያቄው ያው ነው።

ይህ ለአንድ የዞን ጽሕፈት ቤት ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በወላይታ ዞን የሚዘጋጅ ሰነድ ሁለት ፊደላትን የሚጠቀም ነው፦ ወላይትኛ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ዊንዶውስ ከቪስታ እትሙ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል አብሮ በማቅረቡ ችግሩ ቢቀልም በቀድሞው ኮድ የተቀመጡ የመዝገብ ቤት ፋይሎች በራሳቸው አይለወጡም። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶች አዲስ ስርዓተ ክወና ከመጫናቸው በፊት ወደ ዩኒኮድ ሊያስለውጧቸው ይገባል፤ አሮጌው ኮምፒውተር ከተወገደ በኋላ ፊደሉን የሚያነበው ፕሮግራም ላይገኝ ይችላል።

በኢትዮጵያ ያለው የሕግ ማዕቀፍ

በአገር ደረጃ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ደህንነትን የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው በ1999 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለተቋቋመውና በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና ለተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም ነው። ተቋሙ ቀድሞ “ኤጀንሲ” ይባል የነበረ ሲሆን አሁን “አስተዳደር” በሚል ስያሜ ይጠራል። የደህንነት ፖሊሲና ደረጃዎችን ማመንጨት፣ የተቋማትን ሥርዓቶች ኦዲት ማድረግ፣ የምስጠራ ምርቶችን መቆጣጠርና ለሳይበር ጥቃት ምላሽ መስጠት ከሥልጣኖቹ መካከል ናቸው። እንደ ድሮን ያሉ ከአገር ደህንነት ጋር የተያያዙ ቴክኖሎጂዎች ወደ አገር ሲገቡም የአስተዳደሩ ፈቃድ ይጠየቃል። የመከላከያ ሠራዊት የሚጠቀምባቸው ሥርዓቶች ምርጫና ምርመራ በመከላከያ ተቋሙ አሠራር የሚመራ በመሆኑ በተራ የአገልግሎት መስኮት የሚስተናገድ አይደለም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሕዝብ ደህንነትና በአገር ጥቅም ላይ ከፍተኛ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ ሥርዓቶችን “ቁልፍ መሠረተ ልማት” በማለት ለይቶ በእነርሱ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ከበድ ያለ ቅጣት እንዲያስከትል ያደርጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ ማንኛውም ተቋም ተገቢውን የቴክኒክ ጥበቃ እንዲያደርግ ይጠይቃል። የታካሚዎችን ካርድ በኮምፒውተር የሚይዝ የቦዲቲ ወይም የአረካ ክሊኒክ ሁለተኛውን አዋጅ ከእርሱ የራቀ አድርጎ ሊያየው አይችልም። ማሻሻያ መቀበል ባቆመ ስርዓተ ክወና ላይ የሰው ምስጢር ማስቀመጥ ተገቢ ጥበቃ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል።

ኢትዮጵያ የጋራ መመዘኛዎችን የምስክር ወረቀት በጋራ ለማወቅ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል የሆነችው ራሷ የምስክር ወረቀት በመስጠት ሳይሆን በሌሎች አባላት የተሰጠውን በመቀበል ነው። በመሆኑም በጀርመን፣ በጃፓን ወይም በህንድ የተሰጠ ወረቀት በአገር ውስጥ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል፤ ይሁንና በራሱ ፈቃድ አይሆንም። በአንጻሩ ራሳቸውን ችለው የሄዱ አገሮች አሉ። ሩሲያ በራሷ አካላት የተመሰከረለትን አስትራ ሊኑክስ በመከላከያ ተቋሞቿ ትጠቀማለች፤ የህንድ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2023 ማያ የተባለ፣ በኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ ስርዓተ ክወና ማዘጋጀቱን አስታውቋል። የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪም ኮምፒውተሮቹን ወደ ኡቡንቱ አዛውሯል።

ከወላይታ ዞን የሚቀርብ ጉዳይ

አንድ ግለሰብ ለግል ላፕቶፑ ወይም ለስልኩ ስርዓተ ክወና ከመንግሥት የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ አይጠበቅም። “የግዴታ ማረጋገጫ እናስጨርስልሃለን” በማለት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመ ጥያቄው መሠረት የለውም።

ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው ሥርዓት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤትን፣ ለመንግሥት ሶፍትዌር የሚያቀርብ ድርጅትንና አልሚን ነው። ወላይታ ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ባልተሟላ ሰነድ መመላለስ ለጊዜና ለገንዘብ ብክነት ይዳርጋል። ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት የሚጠየቀው የሚመረመረው ነገር ምንነት ነው። “ዊንዶውስ ነው” ወይም “ሊኑክስ ነው” የሚል መልስ በቂ አይደለም። የስርዓተ ክወናው ሙሉ ስም፣ የእትሙና የግንባታው ቁጥር፣ የተጫነበት መሣሪያ ሞዴል፣ የተጨመሩት ፕሮግራሞች፣ ክፍት የተተዉት የኔትወርክ በሮች፣ የአስተዳዳሪ መብት ያላቸው ሰዎች ብዛትና የኔትወርኩ አቀማመጥ ንድፍ በጽሑፍ መዘጋጀት አለባቸው። በዊንዶውስ የእትሙ ቁጥር “ሴቲንግስ”፣ ከዚያ “ሲስተም”፣ ከዚያ “አባውት” በሚለው ሥር ይገኛል። ከሁሉም በላይ ለመፈተኛ የሚሆን ከእውነተኛው መረጃ የተለየ ቅጂ ማዘጋጀት ይበጃል፤ የነዋሪዎችን ትክክለኛ መዝገብ ለፈተና ማቅረብ ራሱ የመረጃ መጋለጥ ነው።

የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ የግዥ ባለሙያዎች “ወታደራዊ ደረጃ ያለው ስርዓተ ክወና” የሚል ጥቅል አነጋገር ከመጻፍ ቢቆጠቡ ይመረጣል። እንዲህ ያለው መስፈርት ሊለካ ስለማይችል ለአቤቱታ በር ይከፍታል፤ ተጫራቹም በቀፎው ላይ ያለውን ምልክት አቅርቦ አሟልቻለሁ ሊል ይችላል። በምትኩ የእትሙ ቁጥር፣ አምራቹ ማሻሻያ የሚያቀርብበት የመጨረሻ ቀን፣ የዲስክ ምስጠራ፣ የዩኒኮድ ድጋፍ፣ የፈቃዱ ሕጋዊነትና ርክክቡ ሲፈጸም የሚደረገው ፍተሻ ቢገለጽ ሁሉም ተወዳዳሪ የሚጠየቀውን በእኩል ያውቃል።

የማሻሻያ ጉዳይ ተለይቶ ሊታይ ይገባል። የዊንዶውስ 7 መደበኛ ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከእነዚህ ቀናት በኋላ የተከፈለበት የተራዘመ ድጋፍ ወይም ሌላ ልዩ መርሐ ግብር ከሌለ የሚገኙ ክፍተቶች አይደፈኑም፤ ቀድሞ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ቢኖርም ይህን አይለውጠውም። ክፍተት ሳይደፈን መቆየት ምን እንደሚያስከትል ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሳው ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ አሳይቷል። አምራቹ ማሻሻያውን ያወጣው ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ነበር፤ ይሁንና ሳይጭኑት የቀሩት በ150 ያህል አገሮች ተጠቁ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ በወቅቱ ድጋፍ ያልተቋረጠበት ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ነበሩ። ችግሩ የምስክር ወረቀት እጦት አልነበረም።

በሱቆች በርካሽ የሚጫነው “ክራክ” የተደረገ ስርዓተ ክወና ከዚህ አንጻር ሁለት ጉድለት አለበት። ፈቃዱን ለማለፍ የገባው ፕሮግራም ከማን እንደመጣና ሌላ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜም ማሻሻያ እንዳይወርድ ይዘጋል። የተመዘነው ምርት በዚያ ቅጽበት ሌላ ምርት ይሆናል። የፈቃድ ዋጋ ለሚከብዳቸው ትምህርት ቤቶችና አነስተኛ ድርጅቶች ኡቡንቱን የመሰሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ያለ ክፍያ የሚገኙ ሲሆን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው እትሞች ለአምስት ዓመት ማሻሻያ ያገኛሉ።

ስርዓተ ክወናውን መምረጥ ብቻውን አይበቃም፤ አቀማመጡም ይታያል። የአሜሪካ መከላከያ የኢንፎርሜሽን ሥርዓቶች ኤጀንሲ ለዊንዶውስ፣ ለሊኑክስና ለሌሎችም የሚያወጣቸው ዝርዝር የአቀማመጥ መመሪያዎች ለማንም በነጻ ክፍት ናቸው። የመሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያዎች እነዚህን እንደ መነሻ ወስደው አላስፈላጊ አገልግሎቶችን መዝጋት፣ የጋራ የይለፍ ቃልን ማስቀረትና የመግቢያ መዝገብን ማብራት ይችላሉ። መመሪያው እንዳለ ሲጫን አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች ሥራ ሊያቆሙ ስለሚችሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ ወደ ሌሎቹ ማሸጋገር ይገባል፤ በተለይ በገንዘብ መሰብሰቢያና በሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮቶች ላይ ለውጡ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢደረግ ተገልጋይ አይጉላላም።

የተመረመረ ሥርዓት ትልቅ ለውጥ ሲደረግበት፣ ማለትም ወደ አዲስ እትም ሲሸጋገር፣ ሰርቨሩ ሲቀየር ወይም ከውጭ ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ ቀድሞ የተሰጠው ውጤት ለአዲሱ ሁኔታ አያገለግልም። የሥርዓቱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ለውጡን በጽሑፍ አሳውቆ ድጋሚ ምርመራ የሚጠይቀው ለውጡ ለተገልጋዮች ክፍት ከመደረጉ በፊት ነው።